ለሉባባ የተላከው ጉበት

ይህን ለባሌ አልነገርኩትም፤ አላህ ይማረውና ሳይሰማው ሞተ። ለሼሆቹም አልነገርኩም። ስለ የቲም፣ እናት አባት ስለሌለው ልጅ፣ ሐቅ ማስተማር ሲጀምሩ ሻሼን አስተካክዬ ተነስቼ የምወጣው እኔ ነኝ። ከሚሴ ውስጥ እኔን የሚያህል ወሬኛ የለም ይባላል፤ ይቺን ግን ከሆዴ አውጥቻት አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሉባባ የሟች እህቴ ልጅ ናት። በደርግ ጊዜ፣ ድርቁ ለምለሙን የጨፋ ሜዳ እንኳ ባራቆተበት ዓመት፣ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷን ትጠራት እንደነበረው እኔንም "ሃርሜ" ነበር የምትለኝ። የምንበላው የማሽላ ቂጣ በጨው፣ ሌላ የለም። አንድ ቀን መግሪብ ሲቃረብ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ስትገባ አየኋት። ቀን ደህና ታያለች፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ምንም አይታያትም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ድሬሰሩ ዓይኗን ገልጦ አየና "ዳፍንት ነው" አለኝ። "ምግቧ ነው ያመጣባት። ጉበት ስጫት። ቦርከና ወንዝ ዳር ጎመን ካገኘሽም ቀቅለሽ ዘይት ጠብ አድርጊበት።"

"ድሬሰር፣ አንተስ ዘንድሮ ጉበት በዓይንህ አይተሃል?" አልኩት። ሰልፈኛው ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

"ካላገኘች ዓይኗ ይጠፋል፣ እህቴ።"

የአረፋ ለት ጎረቤታችን አያ ሙሄ የቀረችውን አንዲት ፍየል አረደ። በኛ አገር ያረደ ሰው ከሶላት ተመልሶ አፉን የሚፈታው በጉበቱ ነው። እሱ ግን ሳይቀምስ በቅጠል ጠቅልሎ አመጣልኝ። "የየቲሟ ናት። ለዓይኗ" አለኝ።

የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሁለቴ አስወርዶኛል። ሦስተኛውም መንቀሳቀሱን ከተወ ሁለት ቀን ሆኖት ነበርና ፈራሁ። ጉበቱን ፍም ላይ ጣልኩት። ሽታው ሉባባን ስቧት ደጃፍ ላይ ቆመች።

"ሃርሜ፣ ምንድን ነው?"

"ጠፍር ነው የተቃጠለው። ሂጂ ውሃ ቅጂ" አልኳት።

ሄደች። እኔ ከበሩ ጀርባ ቆሜ በላሁት። አፌን እያቃጠለኝ በላሁት። ልጁ ሆዴ ውስጥ ተገላበጠ።

ራብ ነው ትሉኝ ይሆናል። መብላቱስ ይሁን። ሊመሽ ሲል አያ ሙሄ መጥቶ "በላች?" ሲለኝ "አዎ፣ ጨርሳ በላች" ያልኩትስ? ሉባባ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። ከሳምንት በኋላ ለድሬሰሩም በልታለች አልኩት። "በልታ ካልተሻላትማ ሌላ በሽታ ነው" ብሎ ጠብታ ሰጥቶ ሸኘኝ። አያ ሙሄ እውነቱን ቢያውቅ ሰንበቴ ገበያ ድረስ ሄዶ ይፈልግላት ነበር። ጎመኑስ? ቦርከና ዳር ነበረ። ስለቅም ሰው ቢያየኝ፣ "በላች ያልሽው ጉበትስ የት ገባ?" እንዳልባል ፈራሁ። የፈራሁት ለራሴ ነው። ለዓይኗ አልፈራሁም።

ኩፍኝ ገባ። ዓይኖቿ ላይ ነጭ ነገር ወጣባቸው። ከዚያ በኋላ ቀኑም ጨለመባት።

በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ነበርና፣ ከዓመታት በኋላ ስለ ምግብና ጤና የተጻፈች አንዲት ደብተር የምታህል መጽሐፍ እጄ ገባች። ዳፍንት የሚለውን ፈልጌ አነበብኩ። ጉበት፣ ወተት፣ ጎመን ዓይን ያተርፋሉ ትላለች። "የአላህ ሥራ ነው" እያልኩ የተጠለልኩበት ጎጆ የዚያን ቀን ፈረሰ።

ዛሬ ሉባባ ባለትዳር ናት። በየአረፋው ጉበቱ ሲጠበስ የመጀመሪያዋን ቁራጭ በጣቷ ፈልጋ "ሃርሜ፣ አፍሽን" ትለኛለች። ታውቅ ይሆን? ያንን ሽታ ታስታውስ ይሆን? ጠይቄያት አላውቅም። አፌን እከፍታለሁ። እውጣለሁ።

ዘንድሮ ለእናንተ የነገርኳችሁን ይህንኑ ጻፍኩላት። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ አላልኳትም፤ በምን ፊቴ? የሚያነብላት ልጄ ነው፤ ያኔ ሆዴ ውስጥ ሆኖ ጉበቱን አብሮኝ የበላው። እሱም አያውቅም። እያነበበ እዚህ ሲደርስ ድምፁ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ዝለለው ግን አልለውም።