ሦስት ነጥብ የሌለው የባትሪ ሳጥን

የሽኩር ሳጥን ውሃ አያስገባም፤ ውሃም አያስወጣም። መርካቶ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ሳጥን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሽኩር ላሜራውን ቆርጦ፣ አጥፎና በይዶ ሲጨርስ ሳጥኑን እስከ አፉ ውሃ ይሞላውና ከዙህር እስከ አስር ሶላት ያቆየዋል። አንዲት ጠብታ ካየ አፍርሶ እንደገና ይሠራል። ካላየ ክዳኑ ጥግ ላይ በሹል ብረት ሦስት ነጥብ ይመታበታል። የሸማ ተራ ነጋዴዎች ጋቢያቸውን ከብልና ከአይጥ የሚያስጥሉት በዚህ ሳጥን ስለሆነ፣ ሊገዙ ሲመጡ ቀድመው የሚፈልጉት ነጥቦቹን ነው። ሰውዬው ሌላ የሚኮራበት ነገር የለውም፤ በዚህ ግን ይኮራል፣ አንዳንዴም ልክ ያልፋል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሲኒማ ራስ አካባቢ ብርድ ልብስ የምትሸጠው ኤልሳቤት መጣች። አባቷን ጋሼ ኪዳነወልድን ሽኩር ከድሮ ያውቃቸዋል፤ ገና ጀማሪ ሳለ የመጀመሪያውን ሳጥን ያዘዙት እሳቸው ናቸው። አሁን ሳንባቸው ደክሞ የኦክስጅን ማሽን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ አድርገው ነው የሚያድሩት። ማሽኑ ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፤ ጉራጌ አገር እዣ ያለው የትውልድ ቀያቸው ደግሞ መብራት የለውም። በዚህ የተነሳ ሦስት መስቀል አለፋቸው። መርካቶ ሱቁን ዘግቶ ወደ አገር ቤት ሲጎርፍ እሳቸው ራጉኤል አጠገብ ካለው ቤታቸው መስኮት ስር ተቀምጠው የሰው መኪና ሲሄድ ያያሉ። አገር ቤት ሥጋው ከመቆረጡ በፊት የሚመርቀው የቤቱ ታላቅ ነው። ታላቁ እሳቸው ናቸው።

«ዘንድሮ ይገባሉ፣ ጋሽ ሽኩር» አለች ኤልሳቤት።

ከጨረታ ተጎታች ቤት ገዝታለች፤ ፒክአፕ ኋላ የምትታሰር፣ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ጣሪያዋ ላይ ሶላር የተዘረጋባት ትንሽ ቤት። ያሏት ሁለት ባትሪዎች ግን ማሽኑን እኩለ ሌሊት እንኳ አያደርሱትም። አራት ይጨመር ተባለ። ውጭ መጎተቻው ላይ እንዳይቀመጡ ሌባውም ጭቃውም አለ። ስለዚህ ስድስቱም አልጋው ስር፣ ክብደታቸው ጎማው ላይ በሚያርፍበት በኩል እንዲሆኑ ተወሰነ።

«ሳጥኑን ሽኩር ካልሠራው አልተኛበትም ብለዋል አባባ።»

ሽኩር አስር ቀን ደከመበት። ውስጡን አሲድ የማይበላው ፕላስቲክ አነጠፈ፤ ባትሪዎቹ እንዳይንገጫገጩ የሚይዝ ቀበቶ አበጀ፤ የክዳኑን አፍ ዙሪያውን በከመነዳሪ ጎማ ደፈነው። ውሃ ሞላው፤ ጠብታ የለም። በዕድሜው እንደዚህ ያለ ሳጥን አልሠራም፤ ይህንንም ለጎረቤቱ ሁሉ ተናገረ።

ለጉዞው ሁለት ቀን ሲቀር፣ ተጎታቿ ሽኩር ደጃፍ ቆማ ሳጥኑም ከነባትሪዎቹ አልጋው ስር ገብቶ ሳለ፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሙናዊር ሽቦ ሊቀጥል መጣ። ክዳኑን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«መተንፈሻው የታለ?»

«የምኑ?»

«የሳጥኑ ነዋ! ይሄ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ነው፤ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል። አንተ ጠርቅመህበታል። ጋዙ ተጠራቅሞ አንዲት ፍንጣሪ ከነካችው አበቃ። ላዩ ላይ ደግሞ ኦክስጅን የሚስቡ ሰው ይተኛሉ።»

«እና ምን አድርግ ነው የምትለኝ?»

«ብሳው።»

ሽኩር ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ቀዳዳ ሲደፍን የኖረን ሰው ብሳ ማለት ሙአዚንን ዝም በል እንደ ማለት ነው።

«የኔ ሳጥን አይበሳም። ባትሪህን ቀይር!»

«ሌላ ዓይነት ስንፈልግ መስቀል ያልፋል። ካልበሳህ እኔም አልቀጥልም» አለና ሙናዊር ዕቃውን ሰብስቦ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ሽኩር ነገሩ ገብቶታል፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነበት። ለሁለቱ ቢተው ኖሮ አራተኛውም መስቀል ባለፈ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ኪዳነወልድ መኝታቸውን ሊያዩ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ለአጭር ጊዜ ነው ብለው ማሽኑን ቤት ትተውታል። የተጎታቿን ሁለት ደረጃ ወጥተው አልጋው ላይ፣ ልክ ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። ዝናብ ስለጀመረ ኤልሳቤት በሩንና መስኮቱን ዘጋች። ጥቂት ቆይቶ የሽማግሌው ከንፈር ጠቆረ። መናገር ስላቃታቸው በእጃቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። ሽኩር ዘሎ ከፈተው። እሳቸው አንገታቸውን አውጥተው፣ ዝናቡ እየመታቸው፣ አየሩን ሳቡ። ሽኩር ደነገጠ፤ ከድንጋጤው ይልቅ ግን ሀፍረቱ በለጠ።

እሳቸውን ወደ ማሽናቸው ከመለሱ በኋላ ሽኩር ድሪሉን አነሳ።

«የት ልብሳ?» አለው ሙናዊርን።

«መጀመሪያ ባትሪዎቹን እናውጣ። ከዚያ በውጭው ግድግዳ በኩል አንዱን ታች፣ አንዱን ላይ። አየር በታች ይገባል፣ ጋዙ በላይ ይወጣል። ክዳኑን እንዳትነካው፤ ጥርቅም ማለቱ ጋዙ ወደ ጋሼ እንዳይመጣ ይከለክላል።»

ሽኩር በሳው። አይጥ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹ ላይ ወንፊት ሽቦ በየደ። ኤልሳቤት ልትረከብ ስትመጣ የክዳኑን ጥግ ዳሰሰች።

«ነጥቦቹስ?»

«የተበሳ ሳጥን ላይ ምልክቴን አልመታም» አላት፤ ፊቱን ወደ መሣሪያው አዙሮ።

ሄዱ። መርካቶ ጭር አለ። ሽኩር አገር ቤት የሚገባው ለአረፋ ስለሆነ ሱቁን ከፍቶ ዋለ፤ ሥራ ግን አልሠራም። በቀን ሁለት ሦስቴ ሊደውል ስልኩን ያነሳል፤ የሚሰማውን ስለሚፈራ መልሶ ያስቀምጠዋል።

በአስረኛው ቀን ተጎታቿ ቤት ደጁ ቆመች። ጋሼ ኪዳነወልድ ቱቧቸውን እንዳደረጉ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል፤ ጭናቸው ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አለ።

«ዘጠኝ ሌሊት አደርኩበት፤ ማሽኑ አንድም ቀን አልጠፋብኝም። ሥጋውንም መረቅኩ» አሉና ቅቤውን ዘረጉለት።

ሽኩር አልተቀበላቸውም። ወደ ውስጥ ገብቶ ሹል ብረቱንና መዶሻውን ይዞ ተመለሰ፤ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ የክዳኑን ጥግ በእጅጌው ጠረገ።

«አልመታም ብለህ አልነበር እንዴ?» አሉ፤ ከልጃቸው ሰምተዋል።

«ያኔ አልተፈተሸም ነበራ፣ ጋሼ። ሌላውን በውሃ እፈትሻለሁ፤ ይሄን የፈተሹት እርስዎ ነዎት።»

ሦስተኛዋን ነጥብ ከመታ በኋላ ቅቤውን በሁለት እጁ ተቀበለ።