ቀንድ የሌለው ጥንዚዛ

የመለሰኝ ሽታው ነው። በሚያዝያ አንድ አመሻሽ፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንድ ጥቁር ጥንዚዛ ከአምፖሉ ጋር ተላትሞ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ወደቀ። አንስቼ መዳፌ ላይ አገላበጥኩት። ቀንዳም ነው። የረጠበ ፍግና የበሰበሰ የእንሰት ቅጠል ይሸታል፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ትንሽ የፋኖስ ጋዝ ሸተተኝ። ጋዙ የጥንዚዛው አልነበረም። እሱ የመጣው ከላይ ከደጋው ከጨንቻ፣ ከጋሽ ኦይቻ ሱቅ፣ ከልጅነቴ ነው።

የልጅ ልጄ ምህረት ከጎኔ ሆና ስልኳ ላይ ጨዋታ ይዛ ትሸነፍ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። እሷና ጓደኞቿ ለወራት ሲነካኩት ኖረው ያልገባቸውን ጨዋታ እኔ ከጎን ሆኜ እያየሁ ብቻ ጨርሼ አውቄዋለሁ። ይህ አያስደንቅም። ማንበብ የለመድኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። በጫኖና በላንቴ የሙዝ እርሻዎች ሌላው መካኒክ ሁሉ አይሠራም ብሎ የጣለውን የውሃ ፓምፕ እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው ሙያ ያወጣሁት። መምህር የሚባል ሰው ፊቴ ቆሞ አያውቅም፤ ከአንድ ሰው በቀር፣ እሱም መምህር አልነበረም፣ ክር ነጋዴ እንጂ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ ስድስት አውሬ ይመርጣል። ከስድስቱ ሁለት ሁለቱ አብረው እየወጡ ከባላጋራው ሁለት አውሬዎች ጋር ይገጥማሉ። እሳት የሚተፋ አለ፣ ውሃ የሚረጭ አለ፣ ድንጋይ የለበሰ አለ፣ ነፋስ የሚያስነሳ አለ። እሳቱን ውሃ ያጠፋዋል፣ ሌላውም ሌላውን እንደዚሁ። የአምስት ዓመት ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። ምህረት ታዲያ ስድስቱንም እሳት የሚተፉ አድርጋ መርጣለች።

«ስድስቱንም እሳት?» አልኳት።

«ኃይለኞቹ እነሱ ናቸዋ፣ አባባ።»

«ውሃ ሲመጣስ?»

«ቀድሜ እመታዋለሁ።»

ወዲያው ሁለት ውሃ ረጪዎች መጥተው ሁለቱን እሳቶቿን አጠፏቸው። ሁለት ሌላ እሳት አወጣች። እነሱም ጠፉ። የዓለም መጽሐፍ ሁሉ እጃቸው ላይ ያለ ልጆች ናቸው፤ ጭንቅላታቸው ግን ገበያ የተፈታበት ሜዳ ነው፣ ሁሉም ነገር ተበትኖበታል፣ የሚጠቅም ነገር የለበትም። ቅዳሜ ደግሞ ሴቻ ሰፈር ካለ ተማሪ ጋር ልትገጥም ቀጠሮ ይዛለች፤ ልጁ ደጋግሞ አሸንፏት በግቢው ሁሉ ስሟን መሳቂያ አድርጎታል። ከዚህ ወዲያ ከተሸነፈች ስልኩን ወደ ኩልፎ ወንዝ እወረውረዋለሁ ትላለች። ጥንዚዛውን ስልኳ አጠገብ አስቀመጥኩትና፣ «ጋሽ ኦይቻ ቢያይሽ ይተፋብሽ ነበር» አልኳት።

ቢኖር እውነትም ይተፋባት ነበር።

የጋሽ ኦይቻ ሱቅ ግድግዳው የተጠለፈ ቀርከሃ ነበር፤ ጉሙ በበሩ ገብቶ በስንጥቁ ይወጣል። ውስጡ ጨለማ ነው። በአንድ በኩል የጋዝ በርሜልና ጨው፣ የልብስ ሳሙና፣ የፋኖስ ክር፤ በሌላው በኩል እስከ ጣሪያው ድረስ የተደረደረ ፈትል። ድሩ ከፋብሪካ የመጣ፣ ቀጭን፣ የከረረ፣ በእጅ ብትስበው ጣት የሚቆርጥ ነበር። ማጉ ግን ደጋ ቆላ ያሉ ሴቶች በእጃቸው የፈተሉት፣ ለስላሳ፣ እንደ ጉም የሳሳ ልቃቂት ነበር። እሱ በመካከላቸው ቡልኮውን ተከናንቦ የክር ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ፊቱ ሁልጊዜ መራራ ነገር የቀመሰ ሰው ፊት ነው። ሰላምታ ሲሰጡት አይመልስም፤ «ምን ጎደለህ?» ነው የሚለው። ሁሉንም ሰው ይንቅ ነበር። ዳኛውንም፣ ቄሱንም፣ ከሁሉ በላይ ደንበኞቹን። ሸማኔው ሁሉ እየተሰደበ ከእሱ ይገዛ የነበረው ክሩ ስለማይዋሽ ነው።

አንድ ቀን አዲስ ያገባ ወጣት ሸማኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ድሩንም ማጉንም ከጠንካራው ይስጡኝ፣ የማይቀደድ ጋቢ ልሠራ ነው» አለው። እኔ ለእናቴ ጨው ልገዛ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ጋሽ ኦይቻ ልጁን ከላይ እስከ ታች አየው። «የምትሸምነው ለሰው ነው ለገብስ?»

«እንዴት ለገብስ?»

«ድር በድር ከሸመንክ ጆንያ ነው የሚወጣህ። ገብስ አይከፋውም። ሚስትህን ግን አንድ ሌሊት ሸፍናትና ጠዋት ቆዳዋን ለቅመህ አምጣልኝ።»

ሸማኔው አንገቱን ደፍቶ ልቃቂቱን ተቀበለ። እኔ ሳቅኩ። ጋሽ ኦይቻ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ ደግሞ ጥርስህ ምን ጎደለው?» አለኝ። በልጅነቴ ጥርሴ የተሟላ ስለነበር ጨዌን ገዝቼ ወጣሁ።

የጥንዚዛው ግጥሚያ ይካሄድ የነበረው በእሱ ደጃፍ ነው። ጨንቻን ያየ ሰው ያውቃል፣ አገሩ ሁሉ ተዳፋት ነው። ኳስ ከመታህ ወደ ቆላ ትወርዳለች፣ ፈልጎ ማምጣት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከሱቁ በላይ አንዲት ብቻ ለጥ ያለች ሜዳ ነበረች፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ስንፈነካከትባት ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መካከላችን ገቡና ከእንግዲህ በዱላ አይሆንም አሉ። ሣር የተያዘበትን ነገር ማንም አይጥስም። ስለዚህ በጥንዚዛ ሆነ። ዝናብ በገባ ቁጥር እያንዳንዱ ሰፈር ሁለት ሁለት ጥንዚዛ ያመጣል፤ አራቱ አንድ ላይ በክር ሳጥን ክዳን ላይ ይለቀቃሉ። ከክዳኑ የወደቀ ወጣ። በመጨረሻ ጥንዚዛው የቀረለት ሰፈር እስከሚቀጥለው ዝናብ ሜዳዋን ይይዛል። የተሸነፈው ሰፈር ኳሱን ይዞ ወደ ገደሉ ይሄዳል።

ለላይ ሰፈር መራጩ እኔ ነበርኩ፤ ከእኔ የተሻለ ስላልነበረ። በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ጣቴ የሚረዝም ቀንድ ያላቸው ሁለት ጥንዚዛዎች ከእንሰታችን ሥር ቆፍሬ አወጣሁ። አንዱን ነጎድጓድ፣ ሌላውን መብረቅ አልናቸው። ክዳኑ ላይ ጎን ለጎን ለቀቅናቸው። ነጎድጓድ መብረቅን አየና ቀንዱን ሰካበት። መብረቅም ሰካ። የታች ሰፈር ጥንዚዛዎች ገና ሳይደርሱባቸው የእኛዎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው እየተገፋፉ ጫፍ ደረሱና አብረው ወደቁ። የታች ሰፈር አለቃ ደስታ የሚባል፣ ጫማ ያለው፣ አፉ የማይዘጋ ልጅ ነበር። ጎንበስ ብሎ አያቸውና፣ «ተዋቸው፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ የሰው ትዳር አትፍቱ» አለ። ያን ዓመት ሙሉ ሜዳዋን ከዳር ቆመን አየናት። ኳሷ ወደ ገደል በወረደች ቁጥር የሰፈሬ ልጆች የሚልኩት እኔን ነበር።

ዝናቡ ተመልሶ ሲቃረብ ወደ ጋሽ ኦይቻ ሄድኩ። አንድ ትልቅ ቀንዳም ይዤ ነበር፤ ካለፉት ሁለቱ ይበልጣል። ሁለተኛ እንዲመርጥልኝ ጠየቅኩት።

«ይህኛው ምን ይጎድለዋል?» አለኝ።

«ምንም፣ ጋሼ። ቀንዱን ይዩት። ያነሳውን ሁሉ ይገለብጣል። ጉልበቱ...»

«ያለውን ጠየቅኩህ? ሞኝ ሁሉ ያለውን ይቆጥራል። ክዳኑ ያውልህ፣ ሂድና እየው።»

ሌሎች ጥንዚዛዎች አምጥቼ ገበያው እስኪፈታ ድረስ ክዳኑ ላይ አፋለምኳቸው። ማንም አልነገረኝም፣ በገዛ ዓይኔ ነው ያገኘሁት። ቀንዳሙ ባላጋራውን ሊያነሳ ራሱን ቀና ሲያደርግ የኋላ እግሮቹ በለሰለሰው እንጨት ላይ ይንሸራተታሉ። ያን ጊዜ ሌላው በጎን ከመጣበት አለቀ። እኔም ተመልሼ፣ «መሬት አይዝም። ጎኑም ባዶ ነው» አልኩት።

«ታዲያ መሬት የሚይዝ ፈልግለታ። ቀንድ የሌለው ይሁን። ሁለት ቀንዳም አንድ ክዳን ላይ አይኖርም፤ ጠላት ሳይመጣ በፊት እርስ በርስ ይጨራረሳሉ። ሂድ አሁን፣ ብርሃን ከለልከኝ።»

ከበረት ደጃፍ ፍግ የሚገፋ፣ ወፍራም፣ አጭር፣ ቀንድ የሌለው ጥንዚዛ አመጣሁ። ስም እንኳ የሰጠው ሰው አልነበረም። የሰፈሬ ልጆች ሲያዩት ሊመቱኝ ቃጣቸው። ደስታ እየሳቀ፣ «ኩበት ልትጠፈጥፉ ነው የመጣችሁት?» አለ። የእሱ ሁለቱም ቀንዳሞች ነበሩ፤ እርስ በርስ ደጋግሞ ከማፋለሙ የተነሳ ተራርቀው መቆም ለምደዋል፣ እሱ ያንን ብልሃት ብሎ ይኮራበት ነበር።

ክዳኑ ላይ ለቀቅናቸው። ወፍራሙ ማንንም አልተዋጋም። ራሱን ደፍቶ እንደ ልማዱ ፍግ የሚገፋ መስሎት የመጀመሪያው ቀንዳም ሆድ ሥር ገባና እየገፋ ቆመ። ቀንዳሙ ሊገለብጠው ፈለገ፤ ቀንዱ የሚይዝበት ነገር አጣ። እግሮቹ አየር ላይ ቀሩ። ያን ጊዜ የእኛ ቀንዳም መጥቶ በአንድ ምት ከክዳኑ አወረደው። ሁለተኛው በጎን ሲመጣ ወፍራሙ አሁንም መንገድ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ተደናቀፈበት። እሱም ወረደ። ደስታ ጥንዚዛዎቹን ከመሬት ለቅሞ ኳሱን ይዞ ወደ ገደሉ ሄደ። ያን ዝናብ ሜዳዋ የእኛ ሆነች፤ መራጩ እኔ እስከሆንኩ ድረስም ከእጃችን አልወጣችም።

ሊያሞግሰኝ ነው ብዬ ወደ ሱቁ ገባሁ። ጋሽ ኦይቻ ልቃቂት እየጠቀለለ ነበር። ቀና አላለም። «ያሸነፈው ወፍራሙ ነው» አለ። «አንተ ተሸክመህ ነው ያመጣኸው።»

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በፓምፕ ጥገና ስሜ ቆላውን ሁሉ ከሞላው በኋላ፣ ቡልኮ ልገዛ ወደ ጨንቻ ወጣሁ። ጋሽ ኦይቻ ሱቅም ጎራ አልኩ፤ አርጅቶ ነበር፣ ፊቱ ግን ያው መራራ ነው። ላገባ እንደሆነ ነገርኩት፤ በአንደበቷ አገር የምታንቀጠቅጥ፣ ገበያውን ብቻዋን የምትገዛ፣ ልክ እንደ እኔ የማትሸነፍ ነጋዴ። እሱ ሰምቶ ሰምቶ፣ «አንተ ቀንዳም ነህ» አለኝ። «ምን እንደሚጎድልህ እስካሁን አላየህም። ክዳኑ የለም እንጂ እሰጥህ ነበር።» ተናድጄ ቡልኮውን ሳልገዛ ወጣሁ፤ ቁልቁለቱን እስከ አርባ ምንጭ ድረስ ስሰድበው ወረድኩ። ሰድቤ ስጨርስ ነጋዴዋን ተውኩና አስቴርን አገባሁ።

አስቴር ድምጿ ከቤት አይወጣም ነበር። እኔ ቆሻሻ ነዳጅ ሞተሩ ውስጥ የጨመረ ገበሬ ሲመጣ አህያ ብዬ አባርረዋለሁ፤ ይገባዋልም። እሷ ከበሩ ላይ ትይዘዋለች። ውሃ ትሰጠዋለች፣ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች፣ ገበሬው ሞተሩን ተሸክሞ ይመለሳል። በከተማው ውስጥ እንደ እኔ ያለ እጅ ያላቸው ሁለት ሌሎች ነበሩ እንበል፤ ሁለቱም ደንበኛ አጥተው ዘግተዋል። እኔ ምርጫዬን አውቅ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ወንበሯ በረንዳው ላይ እንዳለ ነው።

ይህን ሁሉ ለምህረት ስነግራት ጥንዚዛው ቀስ እያለ ጠረጴዛውን እያቋረጠ ነበር። «ታዲያ ማንን ላውጣ?» አለች።

«እሳትሽ ምን ይጎድለዋል?»

«ጥሩ ምት...»

«ያለውን ጠየቅኩሽ?»

 ከዚያ ጣቷን እያንሸራተተች አውሬዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ስታይ አመሸች። በመጨረሻ ኤሊ የሚመስል፣ አስቀያሚ፣ ማንንም የማይመታ ነገር መረጠች፤ ሥራው ፊት ቆሞ ጓደኛው ላይ የሚረጨውን ውሃ መጠጣት ብቻ ነው። «ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለች። ይሳቁ አልኳት።

ቅዳሜ ከሴቻ ስትመለስ የግቢውን በር በእግሯ ነው የከፈተችው። «አባባ፣ አመድ አደረግኩት!» አለች።

«ያሸነፈው ኤሊው ነው» አልኳት። «አንቺ ተሸክመሽ ነው የወሰድሽው።»

የጋሽ ኦይቻ ሱቅ ዛሬ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ክዳኑን ማን እንዳነደደው አላውቅም፤ ልጅም አልነበረውም። የቀረው ያ ጥያቄው ነው፣ እሱም እኔ አፍ ውስጥ። ምህረት አሁን ማታ ማታ የአስቴር ወንበር ላይ ትቀመጥና ስለ ድሏ ታወራልኛለች፤ ማንን እንዴት እንደጣለች፣ ማን ምን እንዳላወቀ፣ ጓደኞቿ ሁሉ እንዴት ደነዝ እንደሆኑ። ቀንዳም ናት፣ እኔን ነው የወጣችው። ብዙውን ጊዜ የምትለው ስህተት ነው፤ እኔ የተሻለውን አውቃለሁ። ግን አንገቴን ደፍቼ አዳምጣታለሁ። ይህንንም ማንም አላስተማረኝም።