ዋናውን ፋይል ያጠፋው ስክሪፕት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቪዲዮ ቤት የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ አዳነ ሥራውን አሳየኝ። ከካሜራ የመጣውን ፋይል መረጠ፤ ከስሙ መጨረሻ «ኤምቲኤስ» የሚለውን ቅጥያ አጠፋና ስልክ የሚከፍተውን ዓይነት «ኤምፒፎር» ብሎ ጻፈ። «በቃ፣ ተቀየረ» አለኝ። ቪዲዮው እንዳለ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የነካው። ደንበኛው እስከ ሮብ ገበያ ከተማ ወስዶት ተመልሶ «አልከፍት አለኝ» ሲል ደግሞ አዳነ በደንበኛው ስልክ ያላክካል።

ይህን ማየት ስላንገበገበኝ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጻፍኩ። ቪዲዮዎቹን ተራ በተራ በትክክል ይቀይራል፤ መጠናቸውንም ለስልክ ያሳንሳል። አዳነ ወደደው። ዲስኩ ቶሎ ስለሚሞላ ግን፣ «የተቀየረውን ዋና ፋይል ራሱ ያጥፋልን» አለ።

«መጠኑንና ርዝመቱን ሳያይ ማጥፋት የለበትም» አልኩት።

«በኤምፒፎር ስም ፋይል ካለ ተቀይሯል ማለት ነው። ሥራ አታብዢ!»

እሺ ብዬ ጻፍኩት። ዛሬም ይቆጨኛል።

አንድ ቀን ከደብረ ኤልያስ አንድ መሪጌታ የካሜራ ካርድ ይዘው መጡ። የአቋቋም ዜማ መምህራቸው ሲያስተምሩ የተቀረጸ ነው። መምህሩ ከዚያ ወዲህ ታመው ድምፃቸው ተዘግቷል። ተማሪዎቹ በየስልካቸው እየሰሙ እንዲያጠኑ ፈልገው ነው። ፋይሉን ወደ ኮምፒውተራችን አዛውረን ካርዱን ባዶውን መለስንላቸው።

ስክሪፕቱ እየሠራ መብራት ሄደ። ሲመጣ አዳነ እንደገና አስነሳው። ስክሪፕቱ በግማሽ የተቆረጠውን ኤምፒፎር አገኘ፤ እንዳለቀ ቆጥሮ ዋናውን አጠፋው።

መሪጌታ ስልካቸው ላይ የጫንንላቸውን ኤምፒፎር ይዘው በሳምንቱ ተመለሱ። «አልከፍት አለኝ፣ ልጄ» አሉ።

አዳነ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ስልክዎ አርጅቷል፣ መሪጌታ። አዲስ ይግዙ» አላቸው።

ኮምፒውተሩን ከፍቼ አየሁ፤ ኤምፒፎሩ ግማሽ ነው፣ ዋናውም የለም። ደሜ ፈላ። «ስልክዎ ደህና ነው። ያጠፋነው እኛ ነን» አልኩ። ካርዱን ጠየቅኋቸው፤ ሌላ ቀርጸውበታል። ዲስኩም ላይ በጠፋው ፋይል ቦታ የሠርግ ቪዲዮ ተጽፎበት ስለነበር ብሞክርም ማስመለስ አልቻልኩም።

መሪጌታ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «መምህራችን መናገር ቢያቅታቸው በእጃቸው ‹ደረሰ ወይ?› እያሉ በየቀኑ ይጠይቁኛል። ዛሬ ምን ብዬ ልግባ?» አሉኝ።



እሳቸው እንደወጡ አዳነ «ደንበኛ አባረርሽብኝ!» ብሎ ጮኸ። ስለ ጠፋው ዜማ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እስካሁን ሳስበው እበግናለሁ። ግን ትእዛዙን ስክሪፕቱ ውስጥ የጻፍኩት እኔው ነኝ።

በዚህ ሥራ ላላችሁ፦ የፋይሉ ስም መኖሩ ቪዲዮው መኖሩን አያሳይም። መጠኑን እዩ፤ እስከ መጨረሻው አጫውቱት። ከዚያ በፊት ዋናውን አጥፉ የሚላችሁን አለቃ እንቢ በሉ።