ፊቱን አትሸፍኑ

የመጀመሪያ ዕርዳታ ስልጠናው ሦስት ቀን ነበር፣ መካነ ሰላም ከተማ። ሐኪም ቤት ከራቀው ቀበሌ ሁሉ አንድ አንድ ሰው ይምጣ ሲባል ዕጣው ለእኔ፣ ለአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ወጣ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ደም ማቆም፣ የተሰበረ እግር በእንጨት ማሰር፣ ራሱን የሳተ ሰው በጎኑ ማስተኛት ተማርኩ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴን ሳይታመም አምስት ጊዜ በጎኑ አስተኛሁት። "እባክሽ መጀመሪያ እራቴን ልብላ" አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታችን ከገደል አፋፍ ሣር ሲያጭድ ወደቀ። ሮጬ ደረስኩ። እግሩ ተሰብሯል፣ ራሱም ተመትቷል። "አብሽር፣ አብሽር" እያልኩ እግሩን በሁለት እንጨትና በነጠላዬ አሰርኩት። ልክ እንዳስተማሩን ግጥም አለ! ማለቱ ያሳፍራል እንጂ ደስታዬ ከድንጋጤዬ በልጦ ነበር።

የሰፈሩ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው መጡ፤ መኪና መንገዱ ሁለት ሰዓት በእግር ነው። ልንነሳ ስንል እናቱ ጋቢያቸውን አውልቀው ፊቱን ጭምር ሸፈኑት። "ፀሐይ ነው፣ ምች ይመታዋል!" በእኛ አገር ቁስለኛ ፀሐይ አያይም። አሰልጣኛችን ደግሞ ፊቱን ክፈቱ፣ ትንፋሹን እዩ ብሎናል። ልናገር አፌን ከፈትኩ። እናቴ እኔን ስትወልድ ያዋለዷት እኒህ ሴት ናቸው። መልሼ ዘጋሁት።

ግማሽ መንገድ ላይ ሲያቃስት የነበረው ሰው ዝም አለ። "ተኛልኝ፣ ተመስገን" አሉ እናቱ። እኔ ግን የቃሬዛውን እንጨት ያዝኩ።

"አውርዱት!" ብዬ ጮህኩ።

ጋቢውን ገፈፍኩት። አስመልሶት አፉ ሞልቷል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። አንገቱን ደግፌ በጎኑ አዞርኩት፣ አፉን በጣቴ ጠረግኩ። ምንም ትንፋሽ የለም። እናቱ "ልጄን!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ከዚያ ኡሁ ብሎ ሳለ። ሳለ! ትንፋሹን ሲስብ ሁላችንም ሰማነው፤ ዘልዬ እልል አልኩ።

እናቱ እልል አላሉም። ክንዴን ጨብጠው "አውቀሽ ነው ስሸፍነው ዝም ያልሽኝ?" አሉኝ።

"አንቱን እንዴት ልናገር ብዬ ነው፣ እማማ።"

"ልጄ እየሞተ አንቱታ ምን ያደርግልኛል? በይ አሁን እዘዢን።"

አዘዝኩ! "ቀስ በሉ! በጎኑ እንዳለ ያዙት! ቁሙ፣ ትንፋሹን ልይ!" እያልኩ አባቴን የሚያህሉ ወንዶችን እስከ መኪና መንገዱ ነዳኋቸው። እናቱም ከኋላዬ፣ "ቁሙ ብላለች፣ አትሰሙም?" ይላሉ።