ነጩ መስመር

የመካኒኩ ሟች ታናሽ ወንድም ሚስት ከአውሮፕላን ኋላ ነጭ መስመር ባየች ቁጥር ያሰጣችውን ልብስ ለማንሳት ትሮጣለች። «ኬምትሬይል ይሉታል፤ ሆን ብለው የሚረጩብን መርዝ ነው። ባሌን የጨረሰው እሱ ነው» ትላለች።

መካኒኩ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የአውሮፕላን ሞተር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው ነው። ዛሬም ስትሮጥ አይቶ አላስችል አለው።

«እህት ዓለም፣ የምን መርዝ? ከሞተሩ የሚወጣ እንፋሎት ነው፤ እላይ ብርዱ በረዶ ያደርገዋል፣ በቃ!»

«ታዲያ ጋሼ፣ ሳንባውን ምን በላው?»

መካኒኩ መልሱን ያውቀዋል። ወንድሙ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ፣ አፉን በጨርቅ ብቻ ሸፍኖ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ የመኪና ቀለም ሲረጭ ኖሯል። እዚያ ለምኖ ያስቀጠረው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ቀና ብሎ ነጩን መስመር አየው። ከዚያ አንሶላዎቹን ከገመዱ ላይ ያወርድላት ጀመር።