አራት ስፒከሮች

ባለቤቴ ከማረፉ ጥቂት ወራት በፊት እሱና ሦስት ጓደኞቹ ለዜማ ተማሪዎች ማስተማሪያ ብለው አንድ ማኅሌት ቀርጸው ነበር። ከሞተ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን በስልኬ ሳዳምጥ ኖርኩ። ከአራቱ ውስጥ ወፈር ያለውን፣ መጨረሻው ላይ የሚርገበገበውን ድምፅ የእሱ ነው ብዬ ይዤው ነበር።

ከጓደኞቹ አንዱ መሪጌታ ናቸው፤ ከእሱ ጋር ከአንድ የኔታ እግር ሥር የተማሩ። በየወሩ በመታሰቢያው ቀን ከአምባ ጊዮርጊስ ይመጡና ጠላቸውን ይዘው አብረውኝ ያዳምጣሉ። «አይ! ሸጋ ድምፅ ነበረው» ይሉኛል።

ልጄ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ቀረጻው አራት ማይክ እንደነበረውና የአራቱም ድምፅ ለየብቻ እንደተቀመጠ የነገረችኝ እሷ ናት።

«የአባዬን ለብቻው ላሰማሽ?»

ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ሊኑክስ የሚባል ሲስተም የተጫነበት አሮጌ ኮምፒውተሯንና አራት ስፒከሮች ይዛ መጣች። እንደ ቅኔ ማኅሌቱ ሥርዓት ሁለቱን በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ ፊት ለፊት አደረግናቸው። የአባቷን በቀኝ፣ በበሩ በኩል፤ የመሪጌታን ከጎኑ። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ አራቱንም አደባልቆ በሁለቱ ስፒከሮች ብቻ አወጣው። እሷ ማስተካከያውን ወደ አራት መስመር ቀየረችና በየተራ ፈተነቻቸው፤ ከእያንዳንዱ እንደ ዝናብ ያለ ሹሹታ ወጣ። ከዚያ ማኅሌቱን ከፈተችው።

ከባለቤቴ ስፒከር የመጣው ትንፋሽ፣ የመቋሚያ ኳኳታና የታፈነ ሳል ነው። የምወደው ድምፅ ከጎኑ፣ ከመሪጌታ ስፒከር ይወጣል።

«ገመዱን አምታተሽዋል» አልኳት።

እንደገና ፈተነችውና ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ዜማው ሳይነሳ ከባለቤቴ ስፒከር ሹክሹክታ ተሰማ። «ዛሬም ዜማውን አንተው ያዝልኝ።» ያ የእሱ ነው፤ አልጠፋኝም።

በመጨረሻው ዓመት ቤት ውስጥ አይናገርም ነበር። «ድምፄን ለበዓሉ ልቆጥበው» ይለኛል። ሬዲዮ ዘግቼ፣ ጎረቤት ከበር እየመለስኩ አብሬው ዝም አልኩ። ለቤተ ክርስቲያን እስከሆነ ብዬ አልተቀየምኩም።

በወሩ መሪጌታ መጡ። ጠላ ቀዳሁላቸውና የእሳቸውን ስፒከር ብቻ እንድትከፍት ለልጄ ነገርኳት። ጥቂት አዳመጥን።

«ሸጋ ድምፅ አለዎት፣ መሪጌታ።»

ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አስምሎኝ ነው፣ እቴ። ጕሮሮው እንደታመመ ከሰማች ሐኪም ቤት ካልወሰድኩህ ትለኛለች ብሎ። ልይዝለት የተስማማነው ለአንድ በዓል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሌላው መጣ።»

«በየወሩ እዚህ ተቀምጦ ማሞገሱስ፣ እሱም መሐላ ነበረበት?»

«ደስ ሲልዎት አይቼ ነው።»

«እወስደው ነበር» አልኩ።

የከሰዓቱ ማኪና እንዳያመልጣቸው ተነሡ። እስከ በር ሸኘኋቸው፤ በወሩ ይምጡ ግን አላልኩም። የሦስቱን ስፒከሮች ገመድ ነቅዬ ለልጄ መለስኩላት። አንዱ አሁንም በቀኝ፣ በበሩ በኩል አለ።