የመሪጌታ ቁርስ

ዛሬ ኅዳር ፳፪ ቀን ነው፤ ዕድሜዬም ሰባ ስምንት ዓመት ከሁለት ወር ከዐሥር ቀን።

ትናንት፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት፣ እዚሁ ላሊበላ መሪጌታ ክንፈን ልጠይቅ ሄድሁ። መሪጌታ የልጅነት ወዳጄ ነው። ከዚህ ቅርብ፣ ብልባላ፣ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ፊደል ቆጥረናል። በኋላ እኔ ወደ አስኳላው አዘንብዬ የአማርኛ መምህር ሆንሁ፤ እርሱ በዜማው ጸና። ከጎልማሳነቱ ጀምሮ በጽዮን ማሕሌት ሳይቆም የቀረበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ዘንድሮ ግን አልጋ ላይ ነበር... ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከተቆረጠ ገና ሁለት ወሩ ነው።

ስኳር ነው የወሰደበት።

ከራስጌው ጠያቂ ያመጣው ሁሉ ተደርድሯል፤ አራት ጠርሙስ ለስላሳ፣ አንድ ቅል ማር፣ ብስኩት። እኔ ያንን ሳይ እርሱ በዐይኑ ጠቀሰኝ።

«አየህልኝ የአገሬን ሰው? ለሁለተኛው እግሬም መንገድ እየጠረገለት ነው!»

ሳቅን። ወዲያው ከቤተ ማርያም በኩል የከበሮ ድምፅ መጣ። ከብርድ ልብሱ ሥር የቀረው እግሩ ዜማውን ተከትሎ ሲረግጥ አየሁ... አንዱ ብቻ።

«እኔን የሚገርመኝ፣» አልሁት፣ «መድኃኒቱን እየወሰድህ እንዴት እዚህ ደረሰ?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የመለሱልኝ ባለቤቱ ወይዘሮ ዘነቡ ናቸው። ክፋት አልነበረባቸውም፤ የሆነውን ብቻ ነው የተናገሩት።

«ኧረ የት ወስደውት፣ መምህር! ባለፈው ሁዳዴ አንቱ በጠዋት መጥተው ከቀለዱባቸው ወዲህ ቁርሱን እርግፍ አድርገው ተዉት። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ደግሞ ‹እህል ሳይቀምሱ ኪኒኑን እንዳይውጡ› ብላቸው ነበር። እህሉን ሲተዉ ኪኒኑም ቀረ።»

«አንቺ ሴት! አሁን ይኼ ምን ይሉታል?» አላቸው መሪጌታ።

እኔ ግን አስታወስሁ።

በዚያ ጠዋት በር ሳላንኳኳ ነበር የገባሁት። መሪጌታ ጓዳ፣ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጦ የገብስ ቂጣ በሽሮ ይበላል። የነፍስ አባቱ «ሕመምተኛ ነህ፤ በጠዋት ቅመስ» ብለው እንደፈቀዱለት ዐውቃለሁ። እያወቅሁ እንዲህ አልሁት፦

«መሪጌታ፣ ፋሲካ ላንተ ብቻ ቀድሞ ገባልህ እንዴ?»

የጎረሰውን ዋጠና ሳቀ። ሳህኑን ግን ገፋ አደረገው። መግፋቱን አይቻለሁ፤ ከቁም ነገር ግን አልቆጠርሁትም።

ከዚያ ወዲያ እንደ ጤነኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ቅዳሴው ሲረዝም እስከ ምሽት ይጾም ነበር አሉ ወይዘሮ ዘነቡ። ፋሲካ ሲመጣም «ያለ ኪኒን ሁዳዴን ያህል ጾም ተወጥቼ ምን ሆንሁ?» ብሎ በዚያው ቀረ። በሰኔ በባዶ እግሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲገባ የድንጋይ ስለት ተረከዙን ወጋው። ስኳሩ እግሩን አደንዝዞት ስለነበር አልተሰማውም። ደሙን ምንጣፉ ላይ ያየው ሌላ ሰው ነው... ቁስሉም አልሽር ብሎ ቀረ።

መሪጌታ ፊቱን ወደ እኔ መለሰ።

«ስማ፣ ቀልዱ ያንተ ነው፤ አፉ ግን የእኔ ነበር። የነፍስ አባቴ ፈቀዱ፣ ሲስተሯ መከረች፣ ዘነቡ አቀረበች። መጉረስ ብቻ ነበር የቀረኝ። እሱንም ሌላ ሰው ይጉረስልኝ? ‹ሰው ምን ይለኛል› ብዬ እግሬን ሰጠሁ። ባንተ አላሳብብም።»

ይቅር ማለቱ ነበር። ተቀብዬው ብወጣ ማንም የሚያውቅብኝ አልነበረም። አልቻልሁም።

ስኳር እኔም አለብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ከሐኪሜና ከነፍስ አባቴ በቀር የሚያውቅ የለም። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ክትትሌን እንኳ የማደርገው ወልድያ ድረስ እየሄድሁ ነው።

«መሪጌታ...» አልሁት፣ «ያን ዕለት እኔ በልቼ ነበር የመጣሁት። ቅንጬዬን በልቼ፣ ኪኒኔን ውጬ፣ አፌን ተጉመጥምጬ። ‹አንተስ?› እንዳትለኝ ፈርቼ ነው የቀደምሁህ።»

ወይዘሮ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ።

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እውነቱን ልናገርና ስድቡን ፈልጌው ነበር። እርሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ምነው ያኔ ብትነግረኝ? አብረን እንበላ አልነበር...» አለኝ።



ጾመ ነቢያት ላይ ነን። ዛሬ ጠዋት በአንድ ሰዓት ተኩል ቅንጬ በሳህን ይዤ፣ ሳልከድነው፣ በዋናው መንገድ ወደ እርሱ ቤት ሄድሁ። ቤተ ክርስቲያን ተሳልማ የምትመለስ አንዲት ጎረቤቴ አስቆመችኝ።

«ውይ መምህር! በዚህ ጠዋት፣ በጾም፣ ለማን ነው?»

«ለእኔና ለመሪጌታ። ሁለታችንም ስኳር አለብን።»

ሳህኑን አየች። ከዚያ «ይማርዎት» ብላ አለፈች። ዘጠኝ ዓመት የፈራሁት ይህቺን አንዲት ቃል ነበር!

አብረን በላን። ኪኒናችንን አብረን ዋጥን። አንድ ሳህን፣ ሁለት ሽማግሌ... ሦስት እግር።

ይህን ጽሑፍ ደግሜ ካነበብሁት እንዳልቀደው ስለፈራሁ፣ ዛሬውኑ አሽጌ ለጋዜጣ እልከዋለሁ።